ቀለሙን አይታችሁ ስም አትስጡ፦ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን ስለ መመደብና ስለ መሰየም የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በጅቡቲም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እየኖራችሁ በትርፍ ጊዜያችሁ ባሕር ውስጥ እየጠለቃችሁ ፎቶ የምታነሡ ወገኖቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ? ለጊዜያችሁ አመሰግናለሁ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል በአገራችን። ዛሬ የማወራላችሁ ፍጥረት ግን ስሙን የሚያወጣለት ሕግ ነው። ያውም አንቀጽ በአንቀጽ የተጻፈ፣ ቅንፍ ሳይቀር የሚቆጣጠር ሕግ።

ፍጥረቱ ዛጎል አልባው የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ክረምት ሲገባ ጎመን መደብ ላይ የምታገኙትን ልጋጋም ቀንድ አውጣ አስቡት። ዛጎሉን አውልቁለት። የአበባ ቀለም ቀቡት። ጀርባው ላይ እንደ ላባ ጉንጉን ያለ ስንጥብ ትከሉለት። አሁን ባሕር ውስጥ ልቀቁት። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ ቡድን ኑዲብራንክ ይባላል፤ ስንጥቡ በግልጥ የሚታይ፣ ስንጥበ ራቁት እንደ ማለት ነው። እስካሁን ስም ያገኙት ዝርያዎች ወደ 3,000 ይጠጋሉ።

«ባሕር የለንም፤ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ልመልስ። እዚህ ውስጥ ዋልያን የማያውቅ አለ? ጭላዳን? ቀይ ቀበሮን? ለሦስቱም ሳይንሳዊ ስም ያወጣላቸው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ ገብቶ፣ ስሜን ተራራን አይቶ፣ ጎንደር ደርሷል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ይኸው ሩፔል ወደ እኛ ተራሮች ከመውጣቱ በፊት፣ ሎይካርት ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ የቀይ ባሕርን አከርካሪ አልባ እንስሳት ገልጾ ነበር። ቀይ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት ቀንድ አውጣዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ሥራ ነው። አንደኛው ሲዋኝ እንደ ቀይ ቀሚስ የሚውለበለበው ሄክሳብራንኩስ ሳንጉይኔዩስ ነው። ሁለተኛው ጥቁርና ነጣ ያለ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ዳሩ ብርቱካንማ የሆነው ክሮሞዶሪስ ኳድሪኮሎር ነው። ዋልያንና እነዚህን የሰየመ እጅ አንድ ነው። ስለዚህ ሕጉን በዋልያና በጭላዳ አድርጌ ባስረዳችሁ አትገረሙ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ እንስሳት ለምን ይምታታሉ? ሁለተኛ፣ ናሙና እንዴት ይያዛል፣ እንዴትስ ይመረመራል? ሦስተኛ፣ ስሙ እንዴት ይሰጣል? በመማሪያ መጻሕፍታችን ጂነስ «ወገን»፣ ስፒሽስ ደግሞ «ዝርያ» ይባላል፤ እኔም በእነዚሁ ቃላት እጠቀማለሁ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ለምን ይምታታሉ?

ዛጎል የሌለው እንስሳ በምን ይከላከላል? በመርዝ። ክሮሞዶሪስና ዘመዶቹ ስፖንጅ የሚባለውን፣ ከአለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ይበላሉ። ከስፖንጁ የሚያገኙትን መራራና መርዛም ኬሚካል በካባቸው ጠርዝ ላይ ባሉ ዕጢዎች ያጠራቅማሉ። ቀለማቸው «አትንኩኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። አሁን አስቡት፤ አንድ ዓሣ አንድ ጊዜ ቀምሶ ከተማረረ፣ ያንን ቀለም የለበሰውን ሁሉ ይሸሻል። ስለዚህ በአንድ ባሕር ለሚኖሩ የተለያዩ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ ያዋጣቸዋል። በሌላ ባሕር ያለው የዚያው ዝርያ ወንድም ደግሞ የዚያን ሰፈር ልብስ ይለብሳል።

አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች ብታዩ እኅትማማች ናቸው ትላላችሁ? አትሉም። አንዲት ሴት ዛሬ በአረንጓዴ ጥለት፣ ነገ በቀይ ጥለት ብትመጣ ሁለት ሰው ናት ትላላችሁ? አትሉም። በቀንድ አውጣዎቹ ላይ ግን ሰዎች ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ያሉት ይህንኑ ነው።

በ2018 በክሮሞዶሪስ ወገን ላይ የወጣ የዘረ መል ጥናት ሁለቱንም ስሕተት አሳይቷል። አንድ ዓይነት መስመርና ዳር ያላቸው እንስሳት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ፈጽሞ የማይመሳሰሉት ደግሞ አንድ ዝርያ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሂፕሴሎዶሪስ በተባለው ወገን ላይ የወጣ ሌላ ሥራ 17 አዳዲስ ዝርያዎችን ሰይሟል። ከእነዚህ መካከል ሂፕሴሎዶሪስ ኢባ የሚባለው አለ። ወይን ጠጅማ መልክና ክሬም መልክ አለው። ሁለቱ መልኮች ሲራከቡ የሚያሳይ ፎቶ የደረሳቸው ተመራማሪዎች መጀመሪያ ሁለት ዝርያ መስሏቸው ነበር። ዘረ መሉ ሲታይ አንድ ሆኖ ተገኘ።

የመምታታቱ ሌላው ምክንያት የድሮ ሥራ ጠባይ ነው። ቀንድ አውጣ አልኮል ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይለቃል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የተቀቀለ ድንች መስሎ ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠው ይገልጹ የነበሩት ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ይህን የነጣ ናሙና ነበር። ሆዱን ከፍተው ጥርሱን ቆጥረዋል፤ ሕያው ቀለሙን ግን አላዩም። የዛሬ ጠላቂ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ባለቀለም ፎቶ አለው፤ ጥርሱን ግን አላየም። አንዱ ጽሑፍ ቀለም የለውም፣ ሌላው ፎቶ አካል የለውም። ታዲያ ሁለቱ በምን ይገናኙ? የዛሬው ሥራችን ግማሹ ይህን ድልድይ መሥራት ነው።

በላይኛው አመዳደብ ላይ ብዙ አልቆይም። ኦፒስቶብራንኪያ የሚለው የድሮ ክፍል የተፈጥሮ ዝምድናን ስላልተከተለ ተትቷል፤ አሁን ሄትሮብራንኪያ በሚለው ሰፊ ስብስብ ሥር ነው የምናስቀምጣቸው። ያረጀ መማሪያ መጽሐፍ የያዛችሁ ይህን አርሙ። በ2012 ደግሞ የክሮሞዶሪስ ቤተሰብ እንደገና ሲደረደር፣ ክሮሞዶሪስ ተብለው የኖሩ ብዙ ዝርያዎች ጎኒዮብራንኩስ ወደሚለው ወገን ተዛውረዋል። ዝውውሩ ስማቸው ላይ ያመጣውን ጣጣ ኋላ አነሣዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ። ናሙናው እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የባሕሩ ባለቤት የሆነው አገር የመሰብሰቢያና የማስወጫ ፈቃድ ሳይሰጣችሁ አንዲት ቀንድ አውጣ አታንሡ። ፈቃድ የሌለው ናሙና ሙዚየም አይቀበለውም፤ ሙዚየም ያልተቀበለው ናሙና ደግሞ ለስም አይሆንም።

ከዚያ ፎቶ። ፎቶ ስል አንድ ፎቶ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ እዚያው ባሕሩ ውስጥ፣ እየተሳበ፣ ከሚበላው ነገር ጋር። ቀጥሎ በሳህን ባሕር ውሃ ውስጥ፣ በጥቁር መደብ ላይ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ የማሽተቻ ቀንዶቹን አቅርባችሁ፣ የስንጥቡን ጉንጉን አቅርባችሁ፣ በመስታወት ሳህን ሥር ደግሞ የእግሩን ውስጥ። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ሁለት ነገር ይግባ፦ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያና የናሙናው ቁጥር። ቁጥሩን ለምን? ምክንያቱም በዚህ ሥራ ውስጥ በብዛት የሚጠፋው እንስሳው ሳይሆን በፎቶውና በብልቃጡ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። 40 ፎቶና 12 ብልቃጥ ይዛችሁ ተመልሳችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ የያዛችሁት 12 የተቀቀለ ድንች ነው።

የሚበላውን ስፖንጅም ቁራጭ ያዙለት። ዕንቁላሉን ካገኛችሁ ፎቶ አንሡት፤ ጠመዝማዛው ሪባን ስንት ዙር እንዳለው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ይሁን የተሸበሸበ ጻፉ። ጥልቀት በሜትር፣ ቀን፣ የቦታው መጋጠሚያ፣ የአለቱ ዓይነት ይጻፍ።

አሁን ማደንዘዝ። ቀንድ አውጣውን በቀጥታ አልኮል ውስጥ ብትጥሉት ምን ይሆናል? ይኮማተራል። የማሽተቻ ቀንዱን ወደ ኪሱ ይስባል፣ ስንጥቡን ይሰበስባል፣ እንደ ጎማ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ምላጭም አይገባው። ስለዚህ ማግኒዥየም ክሎራይድ እንጠቀማለን። ስድስት የውሃ ሞለኪውል ካለበት ጨው 75 ግራም ገደማ በአንድ ሊትር ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ይህ በጨውነቱ ከባሕር ውሃ ጋር ይቀራረባል። እንስሳው ባለበት የባሕር ውሃ ላይ ይህን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ በመጨረሻ ግማሽ በግማሽ ይሁን። ትንሹ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ ትልቁ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። የማሽተቻ ቀንዱን በቀጭን መርፌ ንኩት፤ ካልሳበው ደርሷል። ማግኒዥየም ክሎራይድ ከሌላችሁ፣ በጥቂት ባሕር ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ፣ ከዚያም እንዲረጋ ማድረግ ይቻላል፤ ኋላ ሲፈታ ግን አካሉ ስለሚላላ ወዲያው መጠበቂያው ውስጥ ይግባ።

ሲደነዝዝ መጀመሪያ የዘረ መል ቁራጭ ይቆረጣል። ከየት? ከእግሩ ጫፍ፣ ከጅራቱ በኩል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ከሆዱ አትቁረጡ! ሆዱ ውስጥ የበላው አለ። ከስፖንጅ በላተኛ ሆድ ላይ የቆረጠ ሰው የስፖንጅ ዘረ መል አንብቦ ሊመለስ ይችላል። አንዳንዶቹ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ሌላ ቀንድ አውጣ ይበላሉ፤ ያኔ የሚነበበው ውጤት የቀንድ አውጣ ስለሚመስል ስሕተቱን ማንም አይነቃበትም። ወረንጦውና ምላጩ በየናሙናው መሃል ይጽዱ፣ በእሳትም ይለፉ።

ቁራጩ 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ኤታኖል ውስጥ፣ ቢቻል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። የኤታኖሉ መጠን ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን፤ በማግስቱም ይለወጥ፣ ሥጋው የሚያወጣው ውሃ ያቀጥነዋልና። ዋናው አካል ለአናቶሚ 70 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን አካልን አሳምሮ ይጠብቃል፣ ነገር ግን ዘረ መልን ይሰባብራል። ስለዚህ ቁራጩ ሳይወሰድ ፎርማሊን አይነካውም። መለያው ወረቀት በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ። በእስክሪብቶ የተጻፈውን አልኮል ያጥበዋል፤ ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውም ይላቀቃል።

ቀጥሎ መክፈት። በጀርባው መሃል በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ሁለት ነገር ነው የምንፈልገው፦ ጥርሱንና የመራቢያ አካሉን።

ጥርሱ ራዱላ ይባላል። አፉ ውስጥ ያለ፣ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ረቂቅ ጥርሶች በረድፍ የተሰካኩበት ሪባን ነው። የአፉን ጡንቻ ቆርጣችሁ 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሥጋው ሟሙቶ ሪባኑ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። አንዴ ብቻ አጥቦ የሚረካ ሰው፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያወጣው ጥርሶቹ በጨው ቅንጣት ተሸፍነው ያገኛቸዋል። ሪባኑን በእርጥቡ ዘርጉት፤ ከደረቀ ይጠቀለላል፣ ሊዘረጉት ሲሉም ይሰበራል። እንስሳው ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግን ሌላ ዘዴ አለ፤ ዘረ መል ለማውጣት በምንጠቀምበት ፕሮቲኔዝ ኬ ውስጥ አካሉን አሟሙቶ ራዱላውን ከቱቦው ሥር መልቀም። ከአንድ ሥራ ሁለት ውጤት።

ጥርሱ በቀመር ይጻፋል፦ የረድፉ ብዛት፣ ከዚያ የግራ፣ የመሃልና የቀኝ ጥርስ። ለምሳሌ 60 በ45፣ 0፣ 45 ብትሉ፣ 60 ረድፍ አለ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ በግራና በቀኝ 45 ጥርስ አለ፣ የመሃል ጥርስ የለም ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚሠራውን ስሕተት ስሙኝ፦ እንስሳው ሲያድግ የረድፉም የጥርሱም ቁጥር ይጨምራል። የ10 ሚሊ ሜትሩን ከ40 ሚሊ ሜትሩ ጋር አወዳድሮ «የጥርስ ቁጥሩ ይለያል፣ አዲስ ዝርያ ነው» ማለት ሕፃንን ከአባቱ ለይቶ ሌላ ፍጥረት ነው እንደ ማለት ነው። የሚወዳደሩት እኩያሞች ናቸው። ከቁጥሩ ይልቅ የጥርሱ ቅርጽ፣ ጫፉ መንታ መሆኑ፣ ጎኑ ላይ ያለው መጋዝ ይበልጥ ይናገራል።

የመራቢያ አካሉ ከባድ ነው። እነዚህ እንስሳት ወንዴም ሴቴም ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም መንገድ በአንድ አካል ውስጥ ተጠላልፏል። የዘር ከረጢቶቹ መጠንና አቀማመጥ፣ የፕሮስቴቱ ርዝመት፣ ብልቱ መንጠቆ ያለው ይሁን የሌለው ይታያል። ብዙ ጊዜ ጥርሳቸው አንድ የሆነ ሁለት ዝርያዎች የሚለያዩት እዚህ ነው። ያልደረሰ እንስሳ ከከፈታችሁ ግን ምንም አታገኙም፤ አካሉ ገና አልተሠራም።

ዘረ መሉስ? በተለምዶ ሲ ኦ አይ ከሚባለው የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል 658 ፊደል ይነበባል፤ በ1994 የወጡት ኤልሲኦ 1490 እና ኤችሲኦ 2198 የተባሉ ማስጀመሪያዎች፣ ማለትም የሚነበበውን ክፍል የሚያስይዙ አጫጭር የዘረ መል ቁራጮች፣ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ፒሲአሩ፣ ማለትም ዘረ መሉን የማባዛቱ ሥራ፣ እምቢ ካላችሁ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ልጋጉ ነው፤ የልጋጉ ስኳር ኢንዛይሙን ያንቀዋል። የወጣውን ዘረ መል አሥር እጥፍ፣ ካልሆነም መቶ እጥፍ አቅጥናችሁ ሞክሩ። ቁሱ እያነሰ ሲሠራ ብታዩ አትደነቁ።

ሲ ኦ አይ ብቻውን አይበቃም። የሚወረሰው በእናት መስመር ስለሆነ፣ ሁለት ዝርያዎች ድሮ ተዳቅለው ከነበረ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ከኒውክሊየስ ዘረ መሎች ኤች 3 የተባለውን ወይም 28ኤስ የተባለውን ጨምሩ። ኤች 3 ግን ቀርፋፋ ነው፤ በቅርብ የተለያዩ ዝርያዎች እሱ ላይ ላይለያዩ ይችላሉ። «ልዩነቱ ስንት በመቶ ሲሆን ነው ሌላ ዝርያ የሚባለው?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። የሚፈለገው ክፍተት ነው፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ያለው ልዩነት ትንሽ፣ በቡድኖች መካከል ያለው ትልቅ፣ በመሃሉ ባዶ ቦታ። ከአንድ ደሴት ሁለት፣ ከሌላ ደሴት ሁለት ናሙና ብቻ ከያዛችሁ ያ ባዶ ቦታ የእንስሳው ሳይሆን የእናንተ ያለመሰብሰብ ውጤት ሊሆን ይችላል።

እሺ፤ ሦስተኛው። ስሙ።

እኛ «አልማዝ ተሰማ» ስንል የራሷ ስም ይቀድማል፣ የአባቷ ይከተላል። በሳይንሳዊ ስም ግን ተገልብጧል፤ የወገኑ ስም ይቀድማል፣ የዝርያው ይከተላል። በእንስሳት ስያሜ የዘመኑ መጀመሪያ ጥር 1 ቀን 1758 ነው፤ ሊኔዎስ የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ እንስሳትን መድቦ የሰየመበት ሥራ አሥረኛ እትም። ከዚያ በፊት የተሰጠ ስም እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት፤ እኛ በፊደላችን የምንጽፈው አነባበቡን ነው።

አሁን ቅንፉ። ዋልያ ካፕራ ዋልዬ ሩፔል፣ 1835 ተብሎ ይጻፋል፤ ያለ ቅንፍ። ጭላዳ ግን ቴሮፒቴኩስ ጌላዳ፣ በቅንፍ (ሩፔል፣ 1835)። ለምን? ሩፔል ዋልያን ያስቀመጠው ካፕራ በሚለው ወገን ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ጭላዳን ግን ያስቀመጠው ማካኩስ ውስጥ ነበር፤ በኋላ ወደ ሌላ ወገን ተዛወረ። ቅንፍ ማለት «ሰያሚው ይህን ስም ሲሰጥ በሌላ ወገን ሥር ነበር» ማለት ነው። ሄክሳብራንኩስ ሳንጉይኔዩስም (ሩፔልና ሎይካርት፣ 1830) በቅንፍ ነው፤ መጀመሪያ ዶሪስ ሳንጉይኔያ ነበርና። ብዙ ሰው ቅንፉን እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ሲያሻው ያስገባዋል፣ ሲያሻው ያወጣዋል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ሳንጉይኔያ ወደ ሳንጉይኔዩስ ተለውጧል። ዶሪስ በላቲን ሴት ናት፤ ሄክሳብራንኩስ ወንድ ነው። ቅጽል ከሆነ የዝርያው ስም ወገኑን በጾታ ይከተላል፤ እኛ «ቀዩ» እና «ቀይዋ» እንደምንለው። ቅድም ጣጣ ያልኩት ይህን ነው። ክሮሞዶሪስ አኑላታ ወደ ጎኒዮብራንኩስ ስትዛወር አኑላቱስ ሆነ። ስም ከሆነ ግን አይለወጥም፤ ጌላዳ የእኛው «ጭላዳ» ነውና የትም ወገን ቢገባ ጌላዳ ነው። ከቦታ ሲሰየም መጨረሻው ኤንሲስ ይሆናል፤ የቀይ ቀበሮው ካኒስ ሲሜንሲስ የስሜኑ ማለት ነው። በአንድ ወንድ ሲሰየም በኢ፣ በአንዲት ሴት ሲሰየም በኤ ያልቃል። የዚህ ፊደል ስሕተት ነው ወጣት ሰያሚን በየስብሰባው የሚያሳፍረው።

ግን ይህ ሁሉ የላይ ላዩ ነው። ሥሩ ሌላ ነው። ሥሩን ልንገራችሁ፦ ስም የሚቸነከረው ከአንድ ናሙና ጋር ነው። ከቀለም ጋር አይደለም፣ ከፎቶ ጋር አይደለም፣ ከመግለጫው ጋር እንኳ አይደለም። ከአንድ ብልቃጥ ውስጥ ካለ አንድ አካል ጋር ነው። ያ ናሙና ሆሎታይፕ ይባላል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ አስቡ። አንድ ዝርያ ነው ሲባል የኖረው ለሦስት ቢከፈል፣ የድሮው ስም ለማን ይቀራል? ለብዙኃኑ? ለታወቀው? አይደለም። ሆሎታይፑ ለሚገኝበት ቡድን።

ሄርሚሴንዳ ክራሲኮርኒስን እንይ። በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ የሚኖር ውብ እንስሳ ነው፤ ጀርባው ላይ ጣት መሳይ ጉጦች አሉት። ብርሃንንና መሽከርከርን አጣምሮ እንዲማር እየተደረገ፣ ማስታወስ በነርቭ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሲጠናበት ኖሯል። በ2016 ግን አንድ ሳይሆን ሦስት ዝርያ መሆኑ ታየ። አዲስ ስም ስንት ወጣ? አንድም! ኤሽሾልትዝ በ1831 ከአላስካ የሰጠው ክራሲኮርኒስ ለሰሜኑ ቀረ። ኩፐር በ1860ዎቹ ከካሊፎርኒያ የሰጠውና እንደ ተደራቢ ተቆጥሮ የተጣለው ኦፓሌሴንስ ከመቃብር ተነሣ። ባባ በ1937 ከጃፓን የሰጠው ኤሙራይም እንዲሁ። ዘረ መሉ ከተነገራቸው በኋላ ዓይናቸውም ማየት ጀመረ፤ ክራሲኮርኒስ በጉጦቹ ላይ ቁልቁል የሚሄድ ነጭ መስመር አለው፣ ኦፓሌሴንስ የለውም። ለካ መስመሩ ሁልጊዜ እዚያው ነበር።

ተደራቢ ስም ያልኩትን የፈረስ ስም ባላቸው ጀግኖቻችን አስቡት። ካሣ፣ ቴዎድሮስ፣ አባ ታጠቅ፤ ሰውየው አንድ ነው። በዝርያ ስም ግን አንዱ ብቻ ይሠራል፤ በመሠረቱ ቀድሞ የወጣው። ሌሎቹ ይተኛሉ እንጂ አይሞቱም፤ ዝርያው ሲከፈል ይነቃሉ። ስለዚህ አዲስ ስም ከማውጣታችሁ በፊት የተኙትን ሁሉ አንድ በአንድ ቀስቅሱ። ይህን የዘለለ ሰው አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብሎ ያሳትማል፤ በዓመቱ ስሙ ራሱ ተደራቢ ሆኖ ይተኛል።

ሁሉም ግን እንደ ሄርሚሴንዳ አይሆንም። ባሕር ላይ በጀርባቸው ተንሳፈው ፊዛሊያ የተባለውን ጄሊ መሰል መርዛማ እንስሳ የሚበሉት ግላውከሶች አሉ። ግላውኩስ ማርጊናቱስ የተባለው በ2014 አራት ሆኖ ተገኘ። ለሦስቱ የተኛ ስም ስላልተገኘላቸው አዲስ ወጣላቸው፦ ቤኔቴ፣ ቶምፕሶኒ፣ ማክፋርላኔይ። መጨረሻቸውን አይታችሁ የትኛው በሴት እንደተሰየመ ንገሩኝ። አዎ፣ የመጀመሪያው።

እንግዲህ በእውነት አዲስ ከሆነ ሕጉ የሚጠይቀው ይህ ነው። ዝርያው አዲስ መሆኑ በግልጽ ይነገር። ከሌሎች የሚለየው በቃላት ይጻፍ። ሆሎታይፕ ይሰየምለት፤ በየትኛው ሙዚየም ወይም ስብስብ እንደተቀመጠም ይገለጽ። ጽሑፉ የሚወጣው በኤሌክትሮኒክ ብቻ ከሆነ ዙባንክ በተባለው መዝገብ አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ምዝገባውም በጽሑፉ ውስጥ ይታይ። ይህን የረሳ ሰው ጽሑፉ ቢያምርም ስሙ በሕግ አልወጣም። ሆሎታይፑ ፎቶው የተነሣው፣ ዘረ መሉ የተነበበውና አካሉ የተከፈተው ያው እንስሳ ቢሆን ደግሞ ለመጪው ትውልድ ትልቅ ውለታ ነው። ሌሎች ናሙናዎች ፓራታይፕ ሆነው በሌላ ሙዚየምም ይቀመጡ፤ አንድ ሕንፃ ሊቃጠል ይችላል።

የድሮ ሰው ናሙና ቢጠፋስ? ሕጉ ኒዮታይፕ የሚባል ምትክ መሰየም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ስሙ በእርግጥ ሲያምታታ ብቻ፣ ያውም ከመጀመሪያው ቦታ በተቻለ መጠን ቅርብ ከሆነ ስፍራ ተወስዶ። ለዚህ ነው የቀይ ባሕር ናሙና ውድ የሚሆነው። ሩፔል ከዚያ የገለጸውን ዝርያ ከፊሊፒንስ በመጣ ናሙና ማስረዳት አይቻልም። በ2023 የወጣ ጥናት ሄክሳብራንኩስን እንደገና ሲመረምር፣ ሳንጉይኔዩስ የሚለው ስም የቀይ ባሕሩ ብቻ እንደሆነ፣ በሰፊው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ በዚህ ስም ሲጠራ የኖረው ግን ኩቪዬ በ1804 የሰየመው ላሰር እንደሆነ ተናግሯል። በየጠላቂው ስልክ ውስጥ ስንት ፎቶ በስሕተት ስም እንዳለ አስቡት።

ፎቶ አንሺዎች፣ ይህ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የወገኑን ስም ጽፋችሁ «ኤስፒ» በሉ። ከታወቀ ዝርያ ጋር ቢመሳሰልና ገና ካልተረጋገጠ በመሃል «ሲኤፍ» ይገባል፤ አወዳድሩት ማለት ነው። ቅርብ ዘመድ ሆኖ ያው እንዳልሆነ ካወቃችሁ «አፍ» ይጻፋል። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያን ቀይ ትልቅ እንስሳ ያነሣችሁ ካላችሁ፣ ቦታው ከቀይ ባሕር ደጃፍ ውጭ ነው። ስለዚህ «ሄክሳብራንኩስ ሲኤፍ ሳንጉይኔዩስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ፈቃድ ያለው ተመራማሪ አብሯችሁ ከጠለቀም ከእግሩ ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል ይቁረጥ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማይክሮስኮፕ አለ። በግራው የተዘረጋ ራዱላ፣ በቀኙ ያልታጠበ። ኑና እዩዋቸው፤ ጥያቄያችሁን እዚያው እቀበላለሁ።